የሌላውን ትውልድ የቆጠሩ ሰው፦ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ

የጎጃምን ታሪክ የሚያጠና ሰው የአለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራን ጽሑፍ ሳይመረምር አያልፍም። ሠዓሊም የታሪክ ጸሐፊም የነበሩት አለቃ የጎጃምን ቤተ ሰቦች የዘር ሐረግ በሰፊው ጽፈው አቆይተዋል። ጽሑፋቸው ለረጅም ዘመን በእጅ ተጽፎ ከኖረ በኋላ በዘመናችን ታትሟል። ከኅትመቶቹ አንዱ «የጎጃም ትውልድ በሙሉ ከአባይ እስከ አባይ» የሚል ርእስ አለው፤ ዓባይ ጎጃምን ዙሪያውን ስለሚከበው አገሩን በሙሉ ማለት ነው።

ይህን የጻፉት ሰው ግን ከዓባይ ማዶ የተወለዱ ነበሩ። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተሾመው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ፤ መናገሻቸው መንቆረርም ደብረ ማርቆስ ተባለች። ንጉሡ ከዓባይ ደቡብ ባለው የኦሮሞ ምድር ላይ ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር ይሻሙ ነበር፤ በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ተዋግተው ተሸነፉ። ትውልዳቸው ኦሮሞ የሆነው ተክለ ኢየሱስ ከወገናቸው ተለይተው ወደ ጎጃም የተሻገሩት በእነዚህ ዘመቻዎች ዘመን፣ በልጅነታቸው ነው። በንጉሡ ቤት አድገው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሩ።

በጎጃም የዘር ሐረግ ለክብር ብቻ አይቆጠርም ነበር። ርስት ይጠየቅ የነበረው መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው አባት መወለድን በማስረዳት ነበር፤ ሐረጉም በአባትም በእናትም በኩል ይመዘዝ ነበር። ስለዚህ አያት ቅድመ አያቱን የማያውቅ ሰው በዳኛ ፊት አፉ ተዘግቶ ይቀር ነበር። ከሌላ አገር የመጣ ልጅ ደግሞ በዚያ ምድር የሚጠራው አባት አልነበረውም። አለቃ ተክለ ኢየሱስ የሚጽፉት ሐረግ ለሌላው የርስት ማስረጃ ነበር፤ እርሳቸው ግን በዚያ ሐረግ ውስጥ አልተወለዱም።

የራሳቸውንም አባት አልጣሉም። በክርስትና ስማቸው ቢጠሩም የአባታቸው ስም ዋቅጅራ ሆኖ ጸንቷል፤ ትርጉሙም በኦሮምኛ «እግዚአብሔር አለ» ማለት ነው። የጎጃም ታሪክ ዋና ጸሐፊ እስከ ዛሬ የሚታወቁት በዚህ የኦሮሞ አባት ስም ነው።

የወንጌል አማኞች ተመሳሳይ መንገድ የሄደ ሌላ ሰው እናውቃለን። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ በምፅዋ ነጻ ወጣ፤ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞበት መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። እርሱ ለወገኑ ቃሉን አመጣ፤ አለቃ ደግሞ ላሳደጋቸው ሕዝብ አባቶቹን ጻፉለት። ሁለቱም ከቤተ ሰብ ተነጥለው ሳለ ቤተ ሰብን የሚያቆም ሥራ ሠሩ።

ቅዱሳት መጻሕፍት የትውልድን ቆጠራ በሁለት በኩል ያሳዩናል። በዕዝራ 2 ሐረጋቸውን በመዝገብ ያላገኙ ሰዎች ከክህነት ተከለከሉ። ማቴዎስ 1 ግን ኢያሪኮአዊቷን ረዓብንና ሞዓባዊቷን ሩትን በመሲሑ ሐረግ ውስጥ በስማቸው ይጽፋል። ጳውሎስም በኤፌሶን 2 መጻተኛ የነበረው በክርስቶስ የእግዚአብሔር ቤተ ሰው መሆኑን ያስተምራል። መዝገብ ሰውን ማስወጣትም ማስገባትም ይችላል ማለት ነው።

ይህ ለእኛ ለአገልጋዮች ቅርብ ጉዳይ ነው። በብዙ አጥቢያዎች መጀመሪያ ያመኑት አረጋውያን እያረፉ ነው፤ ታሪካቸውም አብሯቸው ይቀበራል። ታሪኩ ሲጻፍም በአብዛኛው የመሪዎችና የሕንጻ ታሪክ ይሆናል። ወጥ ቤት ያገለገለችው እናት፣ ከሌላ አገር ተፈናቅሎ መጥቶ ዘማሪ የሆነው ወጣት፣ ቋንቋውን ሳያውቅ ወንጌልን ያመጣው እንግዳ ስማቸው አይገኝም። መጋቢ ሆይ፣ በዚህ ዓመት ሁለት ሽማግሌዎችንና ሁለት እናቶችን ጠይቀህ የነገሩህን ጻፍ፤ ማን ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ተቀበለው፣ የአባቱንም ስም ጨምር።