ቃሉ በተነገረበት ዘመን ምን ማለት ነበር?

በሱረቱ ዩሱፍ ውስጥ ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ከተጣሉበት ጉድጓድ ዘንድ «ሰያራ» እንደመጣች ተነግሯል። በዛሬው ዐረብኛ ይህ ቃል መኪና ማለት ነው። የጎዳናውን ዐረብኛ ብቻ የለመደ ደረሳ «በዚያ ዘመን መኪና ነበር እንዴ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን ቁርኣን በወረደበት ዘመን ዐረቦች ከቃሉ የተረዱት የመንገደኞችን ቅፍለት ነው፤ እኛ ሲራራ የምንለውን ማለት ነው። ቃል የሚመዘነው በመጀመሪያዎቹ ሰሚዎቹ ዘንድ በነበረው ትርጉም ነው።

በአሜሪካም ሕገ መንግሥቱ በዚሁ መንገድ መተርጎም አለበት የሚሉ ዳኞችና የሕግ ምሁራን አሉ። ሕዝብ ያጸደቀው ቃሉን በዘመኑ በገባው መልክ ነው፤ ዳኛ ትርጉሙን ከለወጠ ሕዝብ ያላጸደቀውን ሕግ አወጣ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ዘመን ሲለወጥ ትርጉምም አብሮ ሊሰፋ ይገባል ብለው ይከራከሯቸዋል።

እኛን ሙስሊሞችን የሚነካ አንድ ምሳሌ እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ1787 በፊላደልፊያ የተረቀቀው ሕገ መንግሥት በ6ኛው አንቀጹ ሃይማኖት ለመንግሥት ሹመት መመዘኛ እንዳይሆን ይደነግጋል። ይህ ሙስሊምንም ይጨምራልን? በ1788 በሰሜን ካሮላይና ሰነዱን ለማጽደቅ በተጠራው ጉባኤ ላይ ሄንሪ አቦት የተባሉ ተወካይ፣ በዚህ አንቀጽ የተነሣ አረማውያንና «መሐመዳውያን» ሥልጣን እንዳይዙ የሚሰጉ ሰዎች መኖራቸውን ገለጹ። በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ጄምስ አይርደል ነገሩን አልካዱም፤ አንድን ወገን ማግለል የምንሟገትለትን የሃይማኖት ነፃነት ማፍረስ ነው ሲሉ መለሱ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ሥጋት ያደረባቸውም ሆኑ ደጋፊዎቹ በትርጉሙ አልተለያዩም። ለኮንግረስ የተመረጠው የመጀመሪያው ሙስሊም ኪት ኤሊሰን በ2007፣ ቶማስ ጄፈርሰን በ1765 በገዙት ቁርኣን ላይ ቃለ መሐላ ሲፈጽም ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። መልሱ ግን ከ219 ዓመታት በፊት ተሰጥቶ አልፏል።

ይሁን እንጂ ይህ መንገድ አማና ይፈልጋል። በ1857 ዋና ዳኛ ሮጀር ቴኒ የመሥራቾቹን ዘመን ምስክር አድርገው ጥቁሮች ዜጋ ሊሆኑ አይችሉም ብለው ፈረዱ። ዳኛ ቤንጃሚን ከርቲስ ግን በዚያው ዘመን በ5 ግዛቶች ነፃ ጥቁሮች ይመርጡ እንደነበር አስታውሰው ተቃወሙ። ያለፈውን ዘመን ምስክር የጠራ ሰው፣ የሚመቸውን ብቻ ሳይሆን ምስክሩን ሁሉ መስማት አለበት።

ደግሞም ትርጉምን ማወቅ ብቻውን ፍትሕ አይሆንም። ያ ክርክር በተካሄደባት በሰሜን ካሮላይና፣ ከምዕራብ አፍሪካ ተግዞ የመጣው ዑመር ኢብን ሰዒድ ይኖር ነበር። በአገሩ 25 ዓመታት ዒልም የቀሰመ ሰው ነው። በ1831 የሕይወት ታሪኩን በዐረብኛ ሲጽፍ በሱረቱል ሙልክ ጀመረ። የአንቀጹ ቃል ለሙስሊም የሹመትን በር ከፍቶ ሳለ፣ እርሱ እስከ ዕለተ ሞቱ ባሪያ ነበር።

ዛሬ የጄፈርሰን ቁርኣንና የዑመር ጽሑፍ በአንድ ቤተ መጻሕፍት፣ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት፣ ይገኛሉ። አንዱ ቃሉ ምን ያህል ሰፊ እንደነበር፣ ሌላው ደግሞ ሰዎች ምን ያህል እንዳጠበቡት ይመሰክራሉ። ልጆቻችንን ታሪክ ስናስተምር ሁለቱንም እናሳያቸው።

ወላሁ አዕለም።