ከሊበርቲ ሲቲ እስከ ዋካሊጋ

በካምፓላ ድሃ ሰፈሮች ፊልም በዝምታ አይታይም። የአገሬው ሰው «ቢባንዳ» በሚላቸው ቪዲዮ ቤቶች ውስጥ፣ ከሆሊውድም ይምጣ ከሆንግ ኮንግ፣ ፊልሙ ሲጀመር ማይክሮፎን የያዘ አንድ ሰው አብሮ ይጀምራል። ይህ ሰው «ቪዲዮ ጆከር»፣ ባጭሩ «ቪጄ» ይባላል። ሥራው የባዕዱን ቋንቋ ወደ ሉጋንዳ መመለስ ነው ቢባልም በዚያ ብቻ አያበቃም። ጀግናውን በሰፈር ስም ይጠራዋል፤ ወንበዴውን ይሰድባል፤ ታሪኩ የቀዘቀዘ ሲመስለው የራሱን ቀልድ ይጨምርበታል። ጃፓኖች ድምፅ አልባ ፊልም በነበረበት ዘመን «ቤንሺ» የሚሏቸው ተራኪዎች ነበሯቸው። የካምፓላው ተራኪ ግን ድምፅ ባለው ፊልም ላይ የራሱን ድምፅ ደርቦ ስለሚናገር ድፍረቱ ይብሳል። የትርጉምን ሥራ በታማኝነት የሚለካ ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ መደንገጡ አይቀርም። ቆይቶ ግን ከተመልካቹ መካከል ገንዘቡን ለፊልሙ ሳይሆን ለተርጓሚው ሲል የከፈለ ብዙ እንደሆነ ይረዳል።

ታሪክ የሠሪው ነው ወይስ የሚያየውና የሚጫወትበት ሰው? ይህ ሙግት ከዩጋንዳ ርቆ፣ እጅግ ብዙ ገንዘብ በፈሰሰበት ሌላ መድረክም ተነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 2008 «ግራንድ ቴፍት ኦቶ» የተባለው የወንጀል ቪዲዮ ጨዋታ አራተኛ ክፍል ለገበያ ዋለ። የዚህ ጨዋታ ጠባይ ለማያውቀው አንባቢ በሁለት ቃል ቢነገር፣ ተጫዋቹ አንድ ሙሉ ከተማ ይሰጠዋል። የተሰጠውን ተልእኮ መፈጸም ይችላል፤ ተልእኮውን ትቶ መኪና እየሰረቀ እንደ ልቡ መዞርም ይችላል። ሦስተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2001 ከወጣ ወዲህ ጨዋታው ዝናው የናኘው በዚህ ነፃነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው «ሳን አንድሪያስ» ደግሞ ነፃነቱን ወደ ጥጋብ አደረሰው። ሦስት ከተማዎች፣ በመካከላቸው ሰፊ ገጠርና በረሃ፣ አውሮፕላን፣ ጃንጥላ፣ በጀርባ የሚታዘል የበረራ መሣሪያ፤ ባለ ታሪኩ ብዙ ከበላ ይወፍራል፣ ስፖርት ከሠራ ይፈረጥማል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ምን ይሆን? እ.ኤ.አ. በ2006 የማይክሮሶፍት ኃላፊ የነበረው ፒተር ሙር በሎስ አንጀለስ በተደረገው ትልቁ የጨዋታዎች ትርኢት መድረክ ላይ እጅጌውን ሰብስቦ በክንዱ ላይ የተነቀሰውን የአራተኛውን ክፍል ስም ባሳየ ጊዜ ጉጉቱ ጣራ ነካ። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2007 እንደሚወጣ ተነግሮ ነበር። ዳሩ ግን ቀኑ ሊደርስ ሁለት ወር ተኩል ያህል ሲቀረው ለሌላ ዓመት ተላለፈ። ሥራው የተመራው ከስኮትላንዷ ኤድንብራ ሲሆን፣ ወጪው ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር እንደሚጠጋ ተገምቷል። በወጣበት ሳምንት 6 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጦ 500 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። የተቺዎች ነጥብ በአማካይ ከመቶ 98 ደረሰ።

የተጫዋቾቹ አስተያየት ግን ከተቺዎቹ ጋር አልገጠመም። ከፊሉ ሥራውን እስከዚያ ከታዩት ሁሉ የላቀ ነው ሲል፣ ሌላው የተሰጠውን ከመቁጠር ይልቅ የተወሰደበትን መቁጠር ያዘ። አውሮፕላን ማብረር ቀርቷል፤ ጃንጥላው የለም፤ ገጠሩ የለም፤ ውፍረቱም ፈርጣማነቱም ቀርቷል። ድሮ እንደ አሻንጉሊት ይሽከረከሩ የነበሩት መኪኖች አሁን ከበዱ፤ መታጠፊያ ላይ ፍሬን ካልያዙ ይስታሉ። በዚያ ላይ የባለ ታሪኩ ዘመድ በየደቂቃው ስልክ እየደወለ ቦውሊንግ እንጫወት እያለ ያስቸግራል። ይህ የዘመድ ጥሪ ዓመታት ካለፉ በኋላም የተጫዋቾች መሳለቂያ ሆኖ ቆይቷል። በዓመቱ መጨረሻ ለኮምፒውተር የወጣው ቅጂ ደግሞ በጊዜው በነበሩት ብዙ ማሽኖች ላይ እየተንቀራፈፈ ስላስቸገረ ቅሬታው ተባባሰ።

የክርክሩ ሥር ያለው ግን ከአውሮፕላኑ ይልቅ በታሪኩ ውስጥ ነው። ባለ ታሪኩ ኒኮ ቤሊክ ጦርነት ያየ የምሥራቅ አውሮፓ ሰው ነው። የአጎቱ ልጅ ሮማን ከአሜሪካ እየጻፈ ትልቅ ቪላ እንዳለው፣ የስፖርት መኪናዎች እንደሚነዳ፣ ሴቶች እንደከበቡት ነግሮታል። ኒኮ በመርከብ ተጉዞ በኒው ዮርክ አምሳል በተሠራችው ሊበርቲ ሲቲ ሲደርስ የሚያገኘው በረሮ የሚርመሰመስባት ጠባብ ክፍል፣ አንዲት አነስተኛ የታክሲ ቢሮና የቁማር ዕዳ ነው። ካባላጋላና ካንሳንጋ አካባቢ ለሚኖር ሐበሻ ይህ ትዕይንት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ውጭ ያለ ዘመድ በስልክ የሚገነባውን ቤት፣ የተላከው ፎቶግራፍ ጥግ ላይ የቆመው መኪና የሰው መኪና መሆኑን፣ እውነቱን ያወቀው ሰውም በተራው ለሚቀጥለው ሰው እውነቱን ለመንገር እንደሚከብደው ከኒኮ በፊት የሚያውቁ ብዙዎች ናቸው። ሮማን ክፉ ሰው አይደለም። አፍሮ ነው የዋሸው። ደራሲዎቹ ይህን እፍረት ያለ ስላቅ ማቅረባቸው በወንጀል ጨዋታ ውስጥ ያልተለመደ ነገር ነበር።

ችግሩ፣ ተጫዋቹ እፍረትና ጸጸት ሊያይ አልመጣም። በታሪኩ ውስጥ ኒኮ ሰው መግደል እንደሰለቸው ይናገራል፤ ንግግሩ እንዳበቃ ተጫዋቹ በመኪና አሥር እግረኛ ይድጣል። ሠሪዎቹ ቁም ነገር ጻፉ፣ ተጫዋቹ ሳቅ ፈለገ። ሁለቱም በአንድ ከተማ ውስጥ ተቀመጡ፣ ግን አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2009 የወጣው ተጨማሪ ክፍል ጃንጥላውን መልሶ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አምስተኛው ክፍል ደግሞ ገጠሩንም አውሮፕላኑንም መለሰ፤ ከ200 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ሊሸጥም በቃ። ገበያው ፈራጅ ከሆነ ያሸነፉት ቅር ያላቸው ናቸው። ይሁንና የአምስተኛው ክፍል ሁካታ ከበረደ በኋላ ስለ ኒኮ በፍቅር የሚናገሩ ሰዎች በረከቱ። ከእነዚህ መካከል በ2008 ስለ መኪኖቹ ክብደት ሲያማርሩ የነበሩም አይጠፉም። የስድስተኛው ክፍል የመጀመሪያ ማስታወቂያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ከታየ በኋላ የመውጫው ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ መገፋቱም ያንኑ የጥበቃ ታሪክ ደግሞታል።

ወደ ካምፓላ እንመለስ። የሊበርቲ ሲቲ ጠብ ገና ትኩስ በነበረበት ወቅት ዋካሊጋ በሚባለው የካምፓላ ሰፈር የራሱን የወንጀል ከተማ የሚገነባ ሌላ ሰው ነበር። አይዛክ ናብዋና እ.ኤ.አ. በ1973 የተወለደ፣ ጡብ እየሠራ የሚተዳደር ሰው ነው። በልጅነቱ ሲኒማ ቤት የመግባት ዕድል አልነበረውም። ታላላቅ ወንድሞቹ ፊልም አይተው ሲመለሱ የሚተርኩለትን እየሰማ አደገ። የተግባር ፊልምን መጀመሪያ ያወቀው፣ እንግዲህ፣ በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 «ራሞን ፊልም ፕሮዳክሽንስ» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ ስሙን ያወጣለት ከሁለቱ ሴት አያቶቹ ከሬቸልና ከሞኒካ ነው። ኋላ ላይ ዓለም ቦታውን «ዋካሊውድ» ብሎ አወቀው።

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» የተባለው ፊልም የተሠራበት ወጪ ከ200 ዶላር በታች እንደሆነ ሲነገር ቆይቷል። ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ካፒቴን አሌክስ የሚመራው የኮማንዶ ጦር «ታይገር ማፊያ» የተባለውን የወንጀለኞች ቡድን ያሳድዳል፤ ካፒቴኑ ተገድሎ ይገኛል፤ የኩንግ ፉ ጌታ የሆነው ወንድሙ ገዳዩን ፍለጋ ይነሣል፤ በመጨረሻም የማፊያው ሄሊኮፕተር ካምፓላን በቦምብ ይደበድባል። መትረየሶቹ ከብረት ቁርጥራጭ የተበየዱ ናቸው። ሄሊኮፕተሩ በአረንጓዴ ጨርቅ ፊት ተቀርጾ፣ ናብዋና ራሱ በገጣጠመው ኮምፒውተር የተቀነባበረ ነው። ለደም መጀመሪያ የከብት ደም ይጠቀሙ ነበር፤ አንድ ተዋናይ ታምሞ ካስደነገጣቸው በኋላ ወደ ምግብ ቀለም ዞሩ። ፊልሙ ሲያልቅ ተዋንያኑ ራሳቸው ዲቪዲውን ይዘው ይዞራሉ። ሌባ ገልብጦ ከመሸጡ በፊት መሸጥ ስላለበት ፍጥነቱ የሞት ሽረት ነው።

የፊልሙ ማስታወቂያ በኢንተርኔት ሲለቀቅ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው አየው፤ ሙግቱም አብሮ መጣ። የዚህ ሙግት አቅጣጫ የኒኮን ሙግት ገልብጦ የያዘ ይመስላል። ሊበርቲ ሲቲ ከልክ በላይ ቁም ነገረኛ ሆነች ተብላ ነበር የተወቀሰችው። ዋካሊጋ የተወቀሰችው ቁም ነገር አነሳት ተብላ ነው። ስለ አገር ገጽታ የሚጨነቅ ሰው፣ የኢዲ አሚንን ዘመን ያሳለፈች ከተማ በቦምብ ስትጋይ ለሳቅ መቅረቧ አይዋጥለትም። ነጮች የሚስቁት ከእኛ ጋር ነው ወይስ በእኛ ላይ የሚለው ጥያቄም ቀላል ጥያቄ አይደለም። ከባሕር ማዶ ካሉት ተመልካቾች ፊልሙን እንደ ጉድ እያዩ የሚቀባበሉት እንዳሉ አይካድም። ነገር ግን የናብዋናን ሥራ በድህነት መሳለቂያነት ብቻ መተርጎም ተገቢ አይመስልም። የዋካሊጋ ልጅ በቪዲዮ ቤት ለዓመታት ሲያይ የኖረው የሰው አገር ኮማንዶ የሰው አገር ከተማ ሲያድን ነው። ሄሊኮፕተሩ ቢያንስ አንድ ጊዜ በእሱ ጣራ ላይ እንዲያንዣብብ መፈለጉ ምን ያስነውራል?

ወሬውን ሰምቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ከኒው ዮርክ የመጣው አለን ሆፍማኒስ ከአምራቾቹ አንዱ ሆኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2015 «ቴባቱሳሱላ፦ ኢቦላ» ለተባለ ፊልም በኢንተርኔት መዋጮ ተጠይቆ ነበር። የቀደመው «ቴባቱሳሱላ» ኤሌክትሪክ ባቃጠለው ዲስክ ጠፍቷል። የተጠየቀው 160 ዶላር ብቻ ሲሆን፣ የተሰበሰበው ከ13,000 ዶላር በላይ ሆነ። ይሁን እንጂ ቀድሞ ለተመልካች የደረሰው ያ ሳይሆን «ባድ ብላክ» የተባለው ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በቴክሳስ ኦስቲን በሚደረገው ፋንታስቲክ ፌስት ታይቶ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። ገንዘብ አዋጥቶ ሌላ ፊልም ይጠብቅ ለነበረ ሰው ይህ ደስታም ቅሬታም ሳይሆን አይቀርም።

እዚህ ላይ የቪጄው ነገር ተመልሶ ይመጣል። ዓለም ያወቀው «ካፒቴን አሌክስ» ያለ ተራኪ የሚታይ አይደለም። ቪጄ ኤሚ በእንግሊዝኛ ይጮኻል፣ ያስተዋውቃል፣ በተዋንያኑ ይቀልዳል፤ ትዕይንቱ ሲረዝም ተመልካቹን ታገሥ ይለዋል። በኢትዮጵያ «ቃና» የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማሰማት ሲጀምር የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ሥራችንን ይሻማል ብለው አጥብቀው ተከራክረው ነበር። በዚያ ሥራ ግን ተርጓሚው የማይታይ እንዲሆን ይፈለጋል፤ ከንፈርና ቃል ገጥመው ተርጓሚው ከተረሳ ሥራው ሰመረ ይባላል። ቪጄው የተገላቢጦሽ ነው። ከፊልሙ ፊት ቆሞ፣ የሊበርቲ ሲቲ ተጫዋቾች ከደራሲዎቹ ሊነጥቁ የሞከሩትን ሥልጣን ያለ ጠብ ይወስዳል። ታሪኩ ሲከብድ ያቀለዋል፤ ሲቀል ያገነዋል። ናብዋናም ልጅ ሳለ ከወንድሞቹ አፍ የሰማው ሲኒማ እንዲህ ያለ ሳይሆን አይቀርም።

ፊልሙ ካፒቴኑን ማን እንደገደለው ሳይናገር ያበቃል። ከተመልካቹ አንዳንዱ ይህን እንደ ጉድለት፣ ሌላው እንደ ቀልድ ወስዶታል፤ ሁለተኛ ክፍል ይሠራ የሚለው ጥያቄም ከዚያ የመጣ ነው። ያለ ትረካ የነበረው የመጀመሪያው ቅጂ ግን ዛሬ የለም። የናብዋና ኮምፒውተር ቦታ ስላልበቃው ለሚቀጥለው ሥራ ሲባል ተደምስሷል። የተረፈው ኤሚ የሚናገርበት ብቻ ነው፤ ተዋንያኑ በሉጋንዳ የተናገሩትም ከእሱ ጩኸት ሥር፣ በቆራረጠ ቁጥር ብቻ ይሰማል።