ተማሪዎቻችንና የኬንያ የገቢ ግብር፤ ከወረቀት ሰልፍ እስከ አይታክስ

በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ስለ ማኅበራችን አመሠራረት፣ ስለ እድሩና ስለ እግር ኳስ ቡድናችን የሚጽፉ ወገኖች አሉ። ናይሮቢ ውስጥ ሱቅ ከፍተን ለምንኖር ለእኛ የደረሰን ግን የግብር ነገር ነው፤ እሱም የነጋዴው ሳይሆን የተማሪው ግብር። «ተማሪ ደግሞ ምን ግብር አለበት?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ልጆቻችንን ያስቀጣቸው ይኸው ጥያቄ ስለሆነ ታሪኩን ከሥሩ ብንጀምር ይሻላል። ዓመቶቹና ወሮቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በኬንያ የገቢ ግብር በሕግ የጸናው በ1937 በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት አፍሪካዊው የሚከፍለው በጎጆው ቁጥር ነበር። በኋላም ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንጋኒካ የገቢ ግብሩን በአንድ የጋራ መሥሪያ ቤት ሲሰበስቡ ቆዩ። ያ ሲፈርስ ኬንያ በ1973 የራሷን የገቢ ግብር ሕግ አውጥታ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1974 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለች። ያም በአገራችን አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት ነው። ሕጉ ብዙ ጊዜ ቢሻሻልም ዛሬም የሚሠራበት እሱው ነው፤ ከአብዮቱ በኋላ ተሰደው ኬንያ የገቡ ወገኖቻችን ሲደርሱ ሕጉ ቀድሟቸው ይጠብቃቸው ነበር ማለት ነው።

በ1992 ግብር ከፋዩ ገቢውን ራሱ አስልቶ የሚያሳውቅበት አሠራር መጣ፤ ፒን የሚባለው መለያ ቁጥርም አብሮ ተጀመረ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ጁላይ 1 ቀን 1995፣ የኬንያ ገቢዎች ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ሰው ሁሉ በአጭሩ ኬአርኤ የሚለው ማለት ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ታይምስ ታወር የቆመው በኃይለ ሥላሴ ጎዳና ላይ በመሆኑ፣ ወረቀት ይዘን በምንሰለፍበት ዘመን «ግብራችንን ዛሬም ለጃንሆይ ነው የምናስገባው» እየተባባልን እንስቅ ነበር። በስዋሂሊ ግብርን «ኡሹሩ» ይሉታል፤ ከዐረብኛው «አሥር እጅ» የመጣ ቃል ነውና የእኛው «አሥራት» ዘመድ ነው። ቃሉ ዘመዳችን ቢሆንም ሥርዓቱ ግን ባዳ ሆነብን።

ባዳ የሆነብን ለምን እንደሆነ እንናገር። በአገር ቤት ገቢው ደመወዝ ብቻ የሆነ ሰው ግብሩን አሠሪው ቆርጦ ያስገባለታል እንጂ በዓመቱ መጨረሻ ቅጽ ሞልቶ አያሳውቅም። ግብር ለመክፈል ሐምሌ ላይ የሚሯሯጠው ባለሱቁ ነው። ከዚያ ቤት የወጣ ልጅ ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ወይም ኬንያታ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ ገቢ የሌለው ሰው «ገቢ የለኝም» ብሎ በየዓመቱ ማስታወቅ እንዳለበት ከየት ይወቅ? ዜሮም ይታወጃል። ይህንን ኒል ሪተርን ይሉታል።

ልጆቹ ፒን ያወጡት ግብር ሊከፍሉ ብለው አልነበረም። የባንክ ሂሳብ ለመክፈት ፒን ይጠየቃል። ሞተር ብስክሌት በስም ለማዛወርና የንግድ ስም ለማስመዝገብም እንደዚሁ። ቁጥሩን አውጥተው ሂሳቡን ከከፈቱ በኋላ ወረቀቱን ፓስፖርታቸው ውስጥ አጥፈው ይረሱታል። ቁጥሩ ግን አይረሳም፤ ከወጣበት ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ማሳወቂያ ይጠብቃል።

አሠራሩ በወረቀት ሳለ ዝም ያለ ተማሪ ተደብቆ ሊያልፍ ይችል ነበር። ከ2013 ወዲህ አይታክስ የሚባለው የኢንተርኔት አሠራር ቀስ በቀስ ገባ፤ በ2015 ወረቀቱ ቀረ። በ2016 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የግብር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ላዘገየ ግለሰብ ቅጣቱን 20,000 ሺሊንግ ወይም ከግብሩ 5 በመቶ፣ ከሁለቱ የበለጠውን፣ አደረገው። ሁለት ዓመት ዝም ያለ ተማሪ አንድ ሳንቲም ሳያገኝ የ40,000 ሺሊንግ ባለዕዳ ሆነ ማለት ነው። ዕዳው የሚወጣው ደግሞ ልጁ ተመርቆ ሥራ ሲያገኝና አሠሪው የግብር ክሊራንስ ሲጠይቀው ነው። ወላጅ ከአዲስ አበባ ወይም ከሐዋሳ ለመጨረሻው ሴሚስተር የላከው ገንዘብ በዚሁ ያለቀባቸው አሉ። በ2018 ቅጣቱ ለግለሰብ ወደ 2,000 ሺሊንግ ወይም 5 በመቶ ሲወርድ ከኬንያውያን ተማሪዎች እኩል እኛም እፎይ አልን።

ሌላው መዘዝ የቀን መቁጠሪያው ነው። የኬንያ የግብር ዓመት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ሲሆን ማሳወቂያው በሚቀጥለው ዓመት እስከ ጁን 30 ይገባል። ጁንን ሰኔ እያልን ስለምንተረጉም «እስከ ሰኔ 30» የሚለው ወሬ በየቤቱ ተሰራጨ። ጁን 30 ግን ሰኔ 23 ነው፤ ሰኔ 30 የአገራችን በጀት ዓመት መዝጊያ ነው። በዚህች በሰባት ቀን ልዩነት የተቀጡ ልጆች ሱቃችን ድረስ መጥተው አልቅሰዋል።

«እኔ የውጭ ዜጋ ነኝ፣ የያዝኩትም የተማሪ ፓስ ነው» የሚል ክርክርም ብዙ ሰምተናል። ሕጉ ለግብር ነዋሪውን ከሌላው የሚለየው በፓስፖርት አይደለም። ኬንያ ውስጥ ቋሚ ቤት ባይኖረውም በዓመቱ ውስጥ 183 ቀን ወይም ከዚያ በላይ የቆየ ሰው ለግብር ነዋሪ ነው። ሴፕቴምበር 1 ቀን የገባ አዲስ ተማሪ እስከ ዓመቱ መጨረሻ 122 ቀን ብቻ ስለሚቆይ በመጀመሪያው ዓመት ነዋሪ አይባልም፤ በሁለተኛው ዓመት ትምህርቱን ሳያቋርጥ ከቆየ ግን ነዋሪ ይሆናል። ነዋሪ መባሉ ሥራ ፈቃድ አይሰጠውም፤ እሱ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ነው። ወላጅ ለኑሮና ለትምህርት የሚልክለት ገንዘብም ገቢ ተብሎ ግብር አይጣልበትም።

ሳይበር ቤቶቹን ሳናነሳ ማለፍ አይገባም። በጥቂት ሺሊንግ ኒል ሪተርን የሚሞሉ ልጆች ውለታቸው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ለመጣው ሁሉ ሳይጠይቁ ዜሮ ይሞላሉ። ፈቃድ አውጥታ ለጥቂት ወራት ደመወዝ የተከፈላት አንዲት ተማሪ እንዲሁ ዜሮ ተሞላላት። አሠሪዋ ግን ደመወዟንና የቆረጠውን ግብር አስቀድሞ ለኬአርኤ አሳውቆ ስለነበር ሁለቱ አልገጠሙም። ማድረግ የነበረባት ከአሠሪዋ ፒ ናይን የሚባለውን የዓመት ደመወዝ ወረቀት ተቀብላ በዚያ መሠረት መሙላት ነበር። የይለፍ ቃሏም እዚያው ሳይበር ቤት ደብተር ላይ ተጽፎ ቀርቶ ነበር፤ ይህ ደግሞ ከቅጣቱ ይልቅ እኛን አስደነገጠን።

ከሴፕቴምበር 2023 እስከ ጁን 2024፣ እንደገናም ከዲሴምበር 2024 መጨረሻ እስከ ጁን 30 ቀን 2025 መንግሥት የቅጣት ምሕረት አድርጎ ነበር። ዋና ግብር የሌለበትና ቅጣት ብቻ የተቆለለበት ሰው ቅጣቱ ተነሣለት። ከእኛ ተማሪዎች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉት ስለነበሩ የድሮው ዕዳ ተሰረዘላቸው፤ አንዳንዶቹ ዕዳ እንደነበረባቸው ያወቁት ከተሰረዘ በኋላ ነው።

አሁን በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ ከባለሱቆች አንዳችን ኮምፒውተር ይዘን በማኅበሩ አዳራሽ እንቀመጣለን። ተማሪው ፒኑንና የይለፍ ቃሉን ይዞ ይመጣል፤ በመጀመሪያ የምንጠይቀው «ባለፈው የአውሮፓ ዓመት ከማንም ደመወዝ ተቀብለሃል ወይ?» ነው። ካልተቀበለ ኒል ሪተርኑን ራሱ በእጁ ሞልቶ ይልካል፤ የሚመጣለትን የመቀበያ ደረሰኝ አትመን እንሰጠዋለን። በየሱቃችን በር ላይም «ጁን 30 ማለት ሰኔ 23 ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።