ከእግር ሥር ያለ ታሪክ፦ የፔዳል ማብሪያና የክራር ድምፅ



የዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ ሲጻፍ ድምፃዊው፣ የዜማ ደራሲውና አሳታሚው ተገቢ ስፍራቸውን አግኝተዋል። ድምፁ ከመሣሪያው ተነሥቶ ከአድማጭ ጆሮ እስኪደርስ የሚያልፍበት የኤሌክትሪክ መንገድ ግን እምብዛም አልተጠናም። ዛሬ በሳንጃ የማቀርበው ገለጻ ከዚህ መንገድ አንዷን ትንሽ ክፍል ይመለከታል፤ ይህችውም ሙዚቀኛው በእግሩ የሚረግጣት የፔዳል ማብሪያና ማጥፊያ ናት። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋዋ የተባለው ፔዳል በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው በ1967 ነው። ብዙም ሳይቆይ ድምፁ አዲስ አበባ ደረሰ፤ አምኃ እሸቴ ሸክላ ያሳትም በነበረበት ከ1969 እስከ 1975 ባለው ዘመን በተቀረጹ ሙዚቃዎቻችንም ይሰማል። የያኔው ዋዋ ቢጠፋም እንኳ ከመሥመሩ ጨርሶ አይወጣም ነበር። ማብሪያው የሚቀይረው የመውጫውን ጫፍ ብቻ በመሆኑ፣ መግቢያው ከጊታሩ ጋር እንደተያያዘ ቀርቶ ቀጫጭኑን ድምፅ ያደበዝዝ ነበር።

ጉድለቱን ለማረም ሁለት መንገዶች ተሞከሩ። የጃፓኑ ቦስ በ1977 ገበያ ላይ ባዋላቸው ትናንሽ ፔዳሎች መቀያየሩን ለትራንዚስተር ሰጠ፤ ርግጫው ለስላሳ ሆነ፣ ድምፁ ግን ፔዳሉ ጠፍቶም በትራንዚስተር ውስጥ ያልፋል። ሁለተኛውና ኋላ የተስፋፋው «ትሩ ባይፓስ» ነው። ባለ ዘጠኝ እግሩ ማብሪያ የፔዳሉን መግቢያና መውጫ በአንድ ርግጫ ይቆርጣል፤ ድምፁም በሽቦ ብቻ ያልፋል።

መድኃኒቱ ግን የራሱን ሕመም ይዞ መጣ። ፔዳሉ ተቆርጦ ሲቆይ፣ በካፓሲተሩ በኩል የሚሾልከው እጅግ አነስተኛ ኤሌክትሪክ መውጫ አጥቶ በተንጠለጠለው ጫፍ ላይ ይጠራቀማል። ሙዚቀኛው ሲረግጥ የተጠራቀመው በቅጽበት ይፈስሳል፤ ማጉያውም «ጧ» ብሎ ያሰማዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያው ርግጫ ይጮኻል፣ ወዲያው የሚደጋገሙት ግን እየደከሙ ይሄዳሉ። የተለመደው መፍትሔ ከመግቢያውና ከመውጫው ወደ መሬት መሥመር አንድ ሜጋ ኦም ሬዚስተር ማገናኘት ነው።

ታሪኩ እኛን የሚመለከተው እዚህ ላይ ነው። ይህ ልኬት የተለመደው ለጊታር ነው። በክራር ገበቴ ላይ የሚለጠፈው ፒየዞ ድምፅ መቀበያ ግን ጠባዩ እንደ ካፓሲተር ነው፤ የሚቀበለው ፔዳል ተቃውሞው ሲያንስ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል። ስለዚህ የጊታሩን ጩኸት ያስታገሰው ሬዚስተር የክራሩን ግርማ ሊቀንስ ይችላል። ለክራር የሚበጀው ከፔዳሉ አስቀድሞ አነስተኛ ቅድመ ማጉያ ማስገባት ነው፤ ያኔ ጩኸቱም ይጠፋል፣ ወፍራሙም ድምፅ ይቀራል።

መቀመጫውን ለንደን ያደረገው ክራር ኮሌክቲቭ በ2012 ባወጣው አልበም ክራር በማጉያ ታጅቦ በዓለም መድረክ መቆም እንደሚችል አሳይቷል። በሠርግ ድንኳን ውስጥ የሚጫወተው ወጣትም ያንኑ መንገድ ይዟል። ድንገት «ጧ» ሲል ጣት የሚቀሰረው በእርሱ ላይ ነው፤ ጥፋቱ ግን የእጁም የእግሩም አይደለም፤ ለሌላ መሣሪያ ተለክቶ የመጣ ምርጫ ነው።

እናንተ ተማሪዎች የሙዚቃ ታሪክ ስትሰበስቡ ከባለሙያው የዘፈኑን ስም ብቻ አትጠይቁ። ሽቦውን ማን እንደበየደው፣ ምን እንደለወጠና ለምን እንደለወጠ ጭምር መዝግቡ። የድምፃችን ልክ በራሳችን ጆሮ የሚለካው ይህ ዕውቀት በጽሑፍ ሲቆይ ነው።