ከ18 ማዞሪያ ወደ እንጦጦ ጀርባ፦ ማንዴላ በእግራቸው ያወቋት ኢትዮጵያ



ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ፋታ በሰጠን አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ተነሥቼ በእግሬ ወደ እንጦጦ ሰንሰለት ወጣሁ። ስፖርት መሥራት አምሮኝ አልነበረም። ለዓመታት በክፍል ውስጥ በቃሌ ሳስተምረው የኖርኩትን አንድ የታሪክ ገጽ በእግሬ ላነበው ፈልጌ ነው። ገጹ የሚያወሳው ከስልሳ ዓመታት በፊት በዚሁ በኮልፌ ስለ ሰነበተ አንድ እንግዳ ነው። እንግዳው ኔልሰን ማንዴላ ናቸው።

ነገሩን ከመነሻው ላስታውስ። የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ በ1952 ዓ.ም. በአገዛዙ ታገደ። በ1954 ዓ.ም. ታኅሣሥ የትጥቅ ክንፉ የመጀመሪያዎቹን ፍንዳታዎች አሰማ። በጥር ወር ማንዴላ በሥውር ድንበር ተሻግረው፣ በጥር ማብቂያ አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ የነፃነት ንቅናቄ ጉባኤ ላይ ተገኙ። ከካርቱም የተሳፈሩበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን አብራሪ ጥቁር መሆኑን ሲያዩ ለአፍታ እንደ ደነገጡና በገዛ ድንጋጤያቸው እንዳፈሩ ራሳቸው ጽፈዋል። ከጉባኤው በኋላ የሰሜንና የምዕራብ አፍሪካን አገሮች ዞሩ፤ ለንደን ደረሱ፤ በሰኔ ወር ደግሞ ወታደራዊ ትምህርት ሊማሩ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። የያዙት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ሲሆን በላዩ የተጻፈው ስም ዴቪድ ሞትሳማዪ ነበር። ቃሉ በሶቶ ቋንቋ «ተጓዥ፣ እግረኛ» ማለት ነው። የኋላው የሕይወት ታሪካቸው ርእስም ወደ ነፃነት ስለሚደረግ ረጅም የእግር መንገድ የሚናገር ነውና፣ ስሙ ለባለቤቱ የተገባ ነበር ማለት ይቻላል።

ሥልጠናው በኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሻለቃ ሠፈር ውስጥ ነበር። የታሰበው ለስድስት ወር ነው። ማንዴላ በመጽሐፋቸው ስምንት ሳምንት እንደ ቆዩ ይናገራሉ፤ ይሁንና እ.ኤ.አ. በሰኔ 1962 የመጀመሪያ አጋማሽ ለንደን የነበረ፣ በሐምሌ የመጨረሻ ሳምንት ደግሞ ደቡብ አፍሪካ የገባ ሰው እዚህ የቆየው ከአምስት ሳምንት ሊበልጥ አይችልም። ይህን የምለው ስሕተት ለማጉላት አይደለም። አንድ ሰው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ወደ ኋላ ሲያስብ አምስት ሳምንት ስምንት ሆኖ ከታየው፣ ጊዜው በልቡናው ሰፊ ቦታ ይዞ ኖሯል ማለት ነው።

ከዚያ ሥልጠና ሁሉ በጣም የወደዱት ምን ነበር? ተኩሱ አይደለም፤ ፈንጂውም አይደለም። ጠብመንጃና ጥቂት ውሃ ብቻ ይዞ በተቀጠረ ሰዓት ከሩቅ ቦታ መድረስን የሚጠይቀው አድካሚ የእግር ጉዞ ነው። አገሩን ያዩት በዚያ ጉዞ ነው። ጥቅጥቅ ያለውን ደንና የተራቆተውን ደጋ አይተው ውበቱን አድንቀዋል። ይመሯቸው የነበሩት፣ «ወንዶኒ በፍቃዱ» ብለው የጻፏቸው መቶ አለቃ፣ በወጣትነታቸው ከጣሊያን ጋር በኅቡእ የተዋጉ አርበኛ ነበሩ። ማንዴላ 44ኛ ዓመታቸውን የሞሉት በዚያው ሐምሌ ነው። የዕድሜ እኩያዬ ናቸው ማለት ነው፤ እኔ ያለ ጠብመንጃና ያለ ተቆጣጣሪ ወጥቼ ዳገቱ መሐል ላይ ሦስት ጊዜ ስቀመጥ ይህን ማሰቤ አልቀረም።

መንገዴ በዊንጌት በኩል ወደ ሰሜን ነበር። ከዋናው አስፋልት እስኪላቀቁ ድረስ ያለው ታክሲ፣ ጭቃና ግርግር ነው። ቤቶቹ እየሳሱ ሲሄዱ ባሕር ዛፉ ይጀምራል። ይህ ዛፍ ራሱ ታሪክ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባን በ1879 ዓ.ም. ከቆረቆሩ በኋላ የዙሪያው አገር በቀል ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ አልቆ፣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ከተማይቱን በቦታዋ ያጸናት በዚያው ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ ነው። ማንዴላ ያደነቁት ደን ጽድ ይሁን ባሕር ዛፍ መጽሐፉ አይለይም። በመንገዴ ያገኘኋቸው፣ የቅጠልና የጭራሮ ሸክም ጀርባቸውን ያጎበጠው እናቶች ግን ስለ ባሕር ዛፍ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። «ልጄ፣ ባዶ እጅህን ወጥተህ ባዶ እጅህን ልትወርድ ነው?» አሉኝ አንዲት እናት እየሣቁ። መልስ አልነበረኝም።

ከጫፉ ሲደርሱ በስተ ደቡብ ከተማው በሙሉ ይታያል። በስተ ምዕራብ ከ3 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የወጨጫ ተራራ ደመና ለብሶ ቆሟል፤ በጀርባ በኩል የሱሉልታ ሜዳ ተዘርግቷል። እዚያ ሜዳ ላይ ገበሬው በበሬ ያርሳል። ማንዴላ በጉዟቸው ያስተዋሉትም ይህንኑ ነው፤ በእንጨት ሞፈር የሚያርስ፣ በጥቂት ምግብና ቤት በተጠመቀ ጠላ የሚኖር ሕዝብ። አገሪቱን እጅግ ኋላ ቀር ብለው ከመግለጽ አልተመለሱም። የእኛ ሞፈርና ቀንበር እንጨት ቢሆንም ማረሻው ብረት ነው ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል። ነገር ግን ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ማንዴላ የተናገሩት በንቀት አልነበረም፤ የዚህን ገበሬ ኑሮ ከራሳቸው አገር የገጠር ሰው ኑሮ ጋር አንድ ሆኖ ስላገኙት ነው። እኛ የምንኮራበት ጥንታዊ ነፃነት ከገበሬው ጎጆ ምን ያህል እንደ ደረሰ አንድ መንገደኛ በእግሩ ለክቶ አየ።

እዚህ ላይ የማያስደስት ጥያቄ ልጠይቅ። ማንዴላን ያሠለጠነው ሻለቃ ሥራው ምን ነበር? ፈጥኖ ደራሽ የተቋቋመው ሁከት ለመበተን ነው። ማንዴላ ከሄዱ ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1957 ዓ.ም. የካቲት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። የጠየቁት ለዚያው ማንዴላ በመንገዳቸው ላዩት ገበሬ ነበር። በተከታዮቹ ዓመታት የተማሪውን ሰልፍ በዱላ ለመበተን ይላክ የነበረው ደግሞ ፈጥኖ ደራሽ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ለደቡብ አፍሪካ ነፃነት መሣሪያ ይታደላል፤ ለኢትዮጵያዊው ጥያቄ ቆመጥ ይዘጋጃል። መንግሥታችን ለሩቁ ነፃነት ለጋስ፣ ለቅርቡ ቆጣቢ ነበር።

ይህን ከማንም በላይ በሕይወታቸው ያሳዩት የማንዴላ መምህር ናቸው። በመጽሐፉ ውስጥ የውትድርና ሳይንስ እንዳስተማሯቸው የተጠቀሱት ኮሎኔል ታደሰ ብሩ፣ በ1953 ዓ.ም. የታኅሣሡን መፈንቅለ መንግሥት በማክሸፍ ለዘውዱ ትልቅ ውለታ የዋሉ የፖሊስ መኮንን ነበሩ። ሥልጠናው ተቋርጦ ማንዴላ ሲመለሱ አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት ያበረከቱላቸው እርሳቸው ናቸው። ያ ሽጉጥ በሪቮንያ በሚገኘው የሊሊስሊፍ እርሻ እንደ ተቀበረ ይነገራል፤ ቢፈለግም አልተገኘም። ማንዴላ በሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዙ።

ታደሰ ብሩ በኋላ ጄኔራል ሆኑ። መሃይምነትን ለማጥፋት የተጀመረውን ዘመቻ መሩ፤ የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበርንም ተቀላቀሉ። የማኅበሩ ስም የተወሰደው በእነዚሁ ተራሮች ዙሪያና በስተ ምዕራባቸው ከሚኖሩት ከሁለቱ የኦሮሞ ነገዶች ነው። በ1959 ዓ.ም. ታደሰ ተይዘው ለፍርድ ቀረቡ፤ የተበየነባቸው የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ተማሪያቸው በሮበን ደሴት፣ እርሳቸው በአገራቸው፣ ሁለቱም የዕድሜ ልክ እስረኞች ሆኑ። አብዮቱ ታደሰን ለጊዜው ቢፈታቸውም ከአዲሱ መንግሥት ጋር አልተስማሙም፤ ጫካ ገቡ፣ ተያዙ። የገጠር መሬት አዋጅ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ታወጀ፤ በማግሥቱ ወር፣ በመጋቢት፣ ታደሰ ብሩ ተረሸኑ። ማንዴላ ግን የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. ከእስር ወጡ፤ በዚያው ክረምትም ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ አዲስ አበባ መጡ። እጅ ነሥቶ የተቀበላቸው መምህራቸውን የረሸነው መንግሥት ነበር።

በክፍል ውስጥ ይህን ታሪክ ባነሣሁ ቁጥር የሚሆነው አንድ ነው። ማንዴላ ሲባል ተማሪው ሁሉ ፊቱ ይበራል፤ «እኛ ነን ያሠለጠንናቸው» ይላል። ታደሰ ብሩ ሲባል ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። ለአንዱ ሰማዕት ናቸው፤ ለሌላው የመሬት ዐዋጁን የተቃወሙ ሽፍታ። አንዱ ወገን የዘውድ አገልጋይነታቸውን ይዘላል፤ ሌላው ወገን የታሰሩበትን ምክንያት መስማት አይፈልግም። «እኛ» የምንለው ማንን ይሆን? ያሠለጠኑት ሰው ታደሰ ናቸው፤ መንገዱን የመሯቸው መቶ አለቃ በፍቃዱ ናቸው፤ ዕርሻውንና ጎጆውን ያሳያቸው ስሙ ያልተጻፈ ገበሬ ነው። እነዚህን አውጥተን ስንጥል «እኛ» ባዶ ቃል ይሆናል።

የእንጦጦ ሰንሰለት የሁለት ወንዞች ተፋሰስ ድንበር ነው። በደቡብ ገጹ የዘነበው ውሃ በአቃቂ አድርጎ ወደ አዋሽ ይገባና ባሕር ሳይደርስ በአፋር ይቀራል። በሰሜን ገጹ የዘነበው በሙገር አልፎ ዓባይን ተቀላቅሎ ሜድትራንያን ይደርሳል። ከጫፉ ላይ ቁጭ ብዬ ስለ መምህሩና ስለ ተማሪው ሳስብ ይህ ትዝ አለኝ። ነገር ግን ውሃ የሚወርድበትን አይመርጥም፤ የሰው ዕጣ ግን በሰው እጅ የተሠራ ነው። ደቡብ አፍሪካውያን እስረኛቸውን ፈትተው አነጋገሩት። እኛ እስረኛችንን ፈትተን መልሰን ገደልነው።

ወደ 18 ማዞሪያ ስወርድ ዝናቡ ጀመረ። በሠፈሩ አጥር ሥር ሳልፍ አንድ ነገር ተመኘሁ። ለማንዴላ መታሰቢያ በምናቆምበት ሁሉ የመምህሮቻቸውም ስም አብሮ ይጻፍ፤ ሥር ከሥሩም የኋላ ዕጣቸው ሳይቀነስና ሳይጨመር ይነገር። ስማቸውን ስንጽፍ ብንጣላም እንጣላ። ባለመጻፋችን ከምናተርፈው ሰላም ያ ጠብ ይሻላል።

ቸር ይግጠመን።