የአደራ ምልመላ

አንድ ድርጅት ለኃላፊነት ቦታ የሚበቃ ሰው በራሱ ጽሕፈት ቤት አፈላልጎ ማግኘት ሲሳነው፣ ወይም ፍለጋው ከተወዳዳሪዎቹና ከገዛ ሠራተኞቹ ጆሮ ተሰውሮ እንዲከናወን ሲሻ፣ ጉዳዩን ሙያዬ ብሎ ለያዘ የውጭ ወኪል አሳልፎ የሚሰጥበት ሥርዓት በንግዱ ዓለም ሥር ሰድዶ የቆየ ነው። ይህን ወኪል እኛ በተለምዶ «ኤጀንሲ» እንለዋለን፤ በሕግ ቋንቋ ደግሞ «ሥራና ሠራተኛ አገናኝ» ይባላል። ይሁን እንጂ በዚህ በአንዱ ስም ጥላ ሥር ጠባያቸው ፈጽሞ የማይመሳሰል ሁለት የውል ዐይነቶች ተጠልለው ይገኛሉ። እንግሊዝኛው አንደኛውን «ሪቴይንድ ሰርች»፣ ሁለተኛውን «ኮንቲንጀንሲ ሰርች» እያለ ለይቶ ሲጠራቸው፣ በአማርኛ ግን እያንዳንዱ ራሱን ችሎ የሚታወቅበት የጸና ስም ስላልወጣለት፣ ወኪል ለመምረጥ የሚቀመጡ የሥራ መሪዎች ሁለቱን በአንድ ሚዛን ሲመዝኑ፣ ከአንዱ የሚጠበቀውንም ከሌላው ሲጠብቁ ይታያሉ። ስለዚህ ለመጀመሪያው «የአደራ ምልመላ»፣ ለሁለተኛው «የውጤት ምልመላ» የሚሉትን ስሞች ለአንባቢ አቀርባለሁ፤ ሐተታዬም በይበልጥ ስለ ፊተኛው ይሆናል።

«ምልመላ» የሚለው ቃል በሠራተኛ አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ዘንድ የታወቀ ስለሆነ ፍካሬ አያሻውም። «ሪቴይን» የሚለውን ግን «ይዞ ማቆየት» ብሎ በቁሙ መመለስ ቢቻልም፣ እንዲህ ያለው ትርጓሜ የቃሉን ሥጋ እንጂ መንፈሱን አያስገኝልንም። በጥብቅና ሙያ እንደሚታየው ሁሉ፣ እዚህም ገንዘቡን አስቀድሞ የተቀበለ ሰው ራሱን ለአንድ ወገን ብቻ ያስገዛል፤ የተሰጠውን ምስጢር ይጠብቃል፤ ነገሩ ቢቀናም ባይቀናም በቅን ልብ ለመድከም ይገደዳል። በእኛ ቋንቋ ይህን እምነትና ይህን ግዴታ በአንድነት አቅፎ የሚይዝ ቃል «አደራ» ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ምን እንደሚጠበቅበት ለማስረዳት ለአማርኛ ተናጋሪ ብዙ ቃል ማባከን አያስፈልግም፤ አደራ የበላም በሰው ዘንድ ምን ተብሎ እንደሚጠራ የታወቀ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአደራ ምልመላ ድርጅቱ ከብዙዎች መካከል አንድ ወኪል ብቻ ይመርጣል፤ የሚከፈለውም ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ተቀጣሪው በመጀመሪያው ዓመት ከሚያገኘው ጠቅላላ ገንዘብ ሲሶ ያህል ሆኖ ይወሰንና በሦስት ጊዜ ይከፈላል፤ አንደኛው እጅ ውሉ ሲፈረም፣ ሁለተኛው የተጣሩት ዕጩዎች ሲቀርቡ፣ ሦስተኛው ሥራው ሲጠናቀቅ ይሰጣል። ወኪሉ የሚከፈለው ለፍለጋው ነው እንጂ ለቅጥሩ ብቻ አይደለም። በዚህም የተነሣ፣ ሥራ የያዙና ሥራ የመለወጥ ሐሳብ እንኳ ያልነበራቸውን ሰዎች በየመሥሪያ ቤታቸው አፈላልጎ ለማነጋገር፣ ያነጋገራቸውንም ለመመርመርና ለመመዘን ጊዜ ያገኛል። በውጤት ምልመላ ግን ድርጅቱ ለሦስትም ለአራትም ወኪሎች በአንድ ጊዜ ይናገራል፤ ያቀረበው ዕጩ የተቀጠረለት ወኪል ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ዓመት ደመወዝ ከመቶ 20 እስከ 25 የሚሆነውን ይቀበላል፤ የቀሩት የደከሙበት ሁሉ ቀርቶባቸው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ከዚህ የተነሣ የውጤት ወኪል ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ፍጥነት ነው፤ በእጁ ያለውን የዕጩዎች ማስረጃ ሌላው ሳይቀድመው ይልካል፤ አንድ ዕጩ በሁለት ወኪሎች እጅ ሲቀርብም «እኔ ነኝ ያመጣሁት» የሚል ሙግት ይነሣል። ይህን የምለው የውጤት ወኪሎችን ለመንቀፍ አይደለም፤ ዋጋው በተከፈለበት ሥርዓት ልክ ሥራው እንደሚቀረጽ ለማሳየት ነው። የእኛም የቤት ደላላ ሽያጩ ካልተፈጸመ ኮሚሽን አያገኝምና ገዢው ቤቱን በሚገባ እንዲመረምር ሳይሆን ቶሎ እንዲስማማ ቢጎተጉት የሚያስደንቅ አይሆንም።

የክፍያ ሥርዓት የወኪሉን ጠባይ የሚወስን ለመሆኑ ታሪክም ምስክር ነው። በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1914 በድምፁ ባጸደቀው ሕግ ወኪሎች ከሥራ ፈላጊው ገንዘብ እንዳይቀበሉ ከልክሎ ነበር፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1917 ሕጉን ሲሽረው፣ ዳኛው ሉዊስ ብራንዳይስ ከብዙኃኑ ተለይተው በጻፉት ሐሳብ በዘመኑ የነበረውን በደል ዘርዝረዋል። ከዘረዘሩትም አንዱ፣ ወኪሎች ከፎርማኖች ጋር በምስጢር እየተዋዋሉ፣ ገንዘብ ከፍሎ የተቀጠረው ሠራተኛ ብዙም ሳይቆይ እንዲባረርና በቦታው ሌላ ከፋይ እንዲገባ ያደርጉ የነበረ መሆኑ ነው። ወኪሉ የሚበላው ከእያንዳንዱ አዲስ ቅጥር ስለነበረ ሰው በሥራው ላይ ጸንቶ መቆየቱ ለእርሱ ኪሳራ ሆኖ ነበር። እንጀራ ፍለጋ በወጣ ድኻ ላይ እንዲህ ያለ ግፍ ሲፈጸም ማንበብ ልብ ያሳዝናል፤ ግፉ የበቀለው ግን ከክፉ ሰዎች ብቻ ሳይሆን ከክፉ ውልም ነው።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነው መንገድ፣ ማለትም አሠሪው ራሱ አስቀድሞ እየከፈለ በወኪል ሰው የሚያፈላልግበት ሥርዓት፣ ጅማሬው ብዙ ጊዜ የሚነገረው ቶርንዳይክ ዴላንድ እ.ኤ.አ. በ1926 በኒው ዮርክ ለትላልቅ መደብሮች የሥራ መሪዎችን ማፈላለግ ከጀመረበት ጊዜ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ኩባንያዎች ሲሰፉና የሚመራቸው ሰው ሲያጥር ሙያው ጎለመሰ። ሲድኒ ቦይደን በ1946፣ ሃይድሪክና ስትራግልስ በ1953፣ ስፔንሰር ስቱዋርት በ1956 የየራሳቸውን ቤት ሲያቋቁሙ፣ ሁሉም ቀድሞ ቡዝ አለን በተባለው የአማካሪዎች ድርጅት የሠሩ ነበሩ። የምክር ሙያን ሥርዓት ወደ ምልመላ ያሻገሩት እነዚህ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሐኪምና ጠበቃ በሽተኛው ባይድን፣ ባለጉዳዩም ባይረታ እንኳ የድካማቸውን ዋጋ እንደሚቀበሉ ሁሉ፣ እነርሱም ለፍለጋው ድካም ዋጋ ጠየቁ።

አሁን ወደ ምርጫው ልግባ። ወኪል የሚመርጡ የሥራ መሪዎች በብዛት የሚጠይቁት «ስንት ሰው ታውቃላችሁ? ስንት ትልልቅ ድርጅቶች ደንበኞቻችሁ ናቸው?» እያሉ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ጠያቂው ከሚያስበው በተቃራኒ የሚጎዳውን መልስ ሊያመጣለት ይችላል። በአደራ ምልመላ ውስጥ እንግሊዝኛው «ኦፍ ሊሚትስ» የሚለው፣ እኔም «የሕርመት ውል» ብዬ የምተረጉመው ግዴታ አለ። ይኸውም ወኪሉ ለአንድ ደንበኛ ሰው ካገኘለት በኋላ ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት፣ ከዚያ ደንበኛ ቤት ሠራተኛ እንዳያስኮበልል ራሱን የሚከለክልበት ቃል ነው። እንግዲህ አንባቢ ያስተውል፦ በአንድ የሥራ መስክ ብዙ ደንበኛ ያለው ስመ ጥር ወኪል፣ በዚያው መስክ እጁን የማይዘረጋባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ዝነኛነቱ የፍለጋውን ሜዳ ያጠብበታል። ስለዚህ «ደንበኞቻችሁ እነማን ናቸው?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ከእነርሱስ መካከል ለእኛ ስትሉ ልትነኳቸው የማትችሉት የትኞቹ ናቸው?» ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆናል፤ መልሱንም በጽሑፍ መቀበል ይገባል።

ለዚህ ነገር ከኮምፒውተር ሠሪው ከአይ ቢ ኤም የእ.ኤ.አ. 1993 ዓመት ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኪሳራ ደርሶበት ሳለ፣ በጥር 1993 የበላይ መሪው ጆን ኤከርስ ከሥልጣን እንደሚወርዱ ተነገረ። የሚተካቸውን ሰው እንዲፈልግ የተሰየመው የቦርዱ ኮሚቴ፣ ቀድሞ የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን መሪ በነበሩት በጄምስ በርክ ይመራ ነበር። ይህ ኮሚቴ በሙያው ዘንድ ያልተለመደ ውሳኔ አደረገ፤ የአደራ ምልመላ ዐይነተኛ ጠባይ አንድ ወኪል ብቻ መያዝ ሆኖ ሳለ፣ ሁለት ተፎካካሪ ቤቶችን በአንድነት ያዘ። ከሃይድሪክ ኤንድ ስትራግልስ ጄራርድ ሮች፣ ከስፔንሰር ስቱዋርት ቶማስ ኔፍ ተመረጡ። እነዚህ ሁለት ቤቶች በአሜሪካ ካሉት ታላላቅ ኩባንያዎች ከብዙዎቹ ጋር የተዋዋሉ ስለነበሩ፣ አንደኛው በሕርመት ውል የታሰረበትን ቤት ሌላው ሊያንኳኳ ይችል ነበር። በመጨረሻም የተገኙት ሰው ሉዊስ ገርስትነር ነበሩ፤ የመጡትም ሲጋራና ብስኩት ይሠራ ከነበረው ከአር ጄ አር ናቢስኮ እንጂ ከኮምፒውተር ኩባንያ አልነበረም። በሚያዝያ 1993 መጀመሪያ ሥራቸውን ጀመሩ፤ በበላይ መሪነትም እስከ 2002 ቆዩ። ማስታወቂያ አውጥቶ ተቀምጦ የሚጠብቅ ፍለጋ እንዲህ ያለውን ሰው ባላስገኘ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ እርሳቸው ሥራ ፈላጊ አልነበሩምና።

ሁለተኛው ብርቱ ጥያቄ የሥራው እጅ የማን እንደሆነ ነው። ውሉን ለማግኘት በደንበኛው ፊት ቀርቦ አንደበቱን የሚያሣምረው የቤቱ ባለቤት ወይም ሽማግሌው አማካሪ ነው፤ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ግን ስልክ የሚደውለው፣ መዝገብ የሚያገላብጠው፣ ዕጩዎችን በመጀመሪያ የሚያነጋግረው ገና በልምምድ ላይ ያለ ወጣት ሊሆን ይችላል። ወጣቱ ትጉህ ከሆነ ይህ በራሱ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ደንበኛው የማንን ድካም እንደሚገዛ ማወቅ አለበት። ይህ ሰው በአሁኑ ሰዓት ስንት ሌላ ፍለጋ ይዟል? ከጀመራቸውስ ፍለጋዎች ስንቱን ከፍጻሜ አድርሷል? ያስቀጠራቸው ሰዎች ከሁለት ዓመት በኋላ በቦታቸው ይገኛሉን? በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ወኪሉ ራሱ ከሚሰጠው ስም ዝርዝር ውጭ ወጥቶ የቀድሞ ደንበኞችን በመጠየቅም ይረጋገጣል።

ከዚህም ጋር ጥቂቶች ብቻ የሚያስቡት አንድ የምርመራ መንገድ አለ፤ እርሱም ወኪሉ አነጋግሮ ሳይመረጡ የቀሩትን ዕጩዎች መጠየቅ ነው። የተመረጠው ሰው ወኪሉን ቢያመሰግን አያስገርምም። ያልተመረጠው ግን ቃሉ ተጠብቆለት እንደሆነ፣ ምስጢሩ ለአሠሪው ሳይደርስበት ቀርቶ እንደሆነ፣ «አልሆነም» የሚለውን ቃል እንኳ በጊዜውና በአክብሮት ሰምቶ እንደሆነ ያውቃል። ወኪል በደንበኛው ስም የሚናገር አፍ ነው፤ ዕጩን ቢያቃልል የሚሰደበው ደንበኛው ነው፤ ከዚያም ይልቅ ተስፋ አድርጎ የመጣ ሰው በዝምታ ሲሸኝ የሚደርስበት ኀዘን ቀላል ነገር አይደለም።

የዋጋው ስሌትም ሊመረመር ይገባዋል። ዋጋው ከደመወዙ በመቶኛ የሚታሰብ ከሆነ፣ ለደንበኛው ሊደራደርለት የሚገባው ወኪል ደመወዙ ከፍ ባለ ቁጥር የራሱም ድርሻ ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1964 በዙሪክ የተቋቋመው የኤጎን ዜንደር ቤት ከመቶኛ ይልቅ አስቀድሞ የተቆረጠ ዋጋ በመጠየቅ የታወቀው ይህን እንቅፋት ለማራቅ ነው። የተቆረጠ ዋጋ የማይቀበል ወኪል ሁሉ ተንኰለኛ ነው ማለቴ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ጥያቄውን ማቅረብ ገንዘብ አያስወጣም።

ይሁንና ይህ ሁሉ ድካም ለማንኛውም ቦታ አይደለም፤ ለጸሐፊ፣ ለሒሳብ ሠራተኛ፣ በገበያው ላይ በቁጥር በርከት ብሎ ለሚገኝ ባለሙያ ወደ አደራ ምልመላ መግባት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ለእነዚህ የውጤት ምልመላ ይበቃል፤ ሁለት ወይም ሦስት ወኪሎች በጊዜ ገደብ ቢወዳደሩበትም መልካም ነው። አደራው የሚገባው ቦታው ታላቅ፣ ምስጢሩ ብርቱ፣ ለቦታው የሚበቁትም ሰዎች ጥቂት ሲሆኑ ነው።

በሁለቱም ዐይነት ግን የማይታለፍ አንድ ድንበር አለ፤ ዋጋው ከዕጩው ኪስ እንዳይወጣ። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው 181ኛው ስምምነት በአንቀጽ 7፣ ውስን ልዩ ሁኔታዎች ካልተፈቀዱ በቀር፣ የግል ወኪሎች በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከሠራተኛው ገንዘብ እንዳያስከፍሉ ይከለክላል፤ ኢትዮጵያም ይህን ስምምነት በ1999 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። ስለዚህ በአገራችን ወኪል የሚመርጥ ድርጅት «ከእኛ ሌላ ከዚህ ቅጥር ገንዘብ የሚቀበሉት ከማን ነው?» ብሎ ሳያፍር ይጠይቅ፤ ተቀጣሪውንም ከገባ በኋላ ለብቻው ጠርቶ ይጠይቀው። በሁለት ወገን የሚከፈለው ወኪል የማንንም አደራ አልተቀበለም፤ ርካሽ የመሰለውም ዋጋ ጎዶሎው ከድኻው ደመወዝ ተሞልቶ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ የሚቀረው የዋስትናው አንቀጽ ነው። የተቀጠረው ሰው ሳይቆይ ቢለቅ፣ በአደራ ምልመላ ብዙ ጊዜ እስከ አንድ ዓመት፣ በውጤት ምልመላ ደግሞ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ወኪሉ ያለ አዲስ ዋጋ እንደገና ይፈልጋል፤ ወይም ከተቀበለው ከፊሉን ይመልሳል። ውሉ ሲጻፍ ሰውየው በፈቃዱ የለቀቀበት፣ ለሥራው ባለመብቃቱ የተሰናበተበትና ድርጅቱ ራሱ ቦታውን የሰረዘበት ሁኔታ ተለያይተው ሊቀመጡ ይገባል፤ ሦስተኛው የወኪሉ ጥፋት አይደለምና በእርሱ ላይ ሊጫን አይገባም። እንዲሁም ድርጅቱ ከቀረቡለት ዕጩዎች አንዱን ለታሰበው ቦታ ሳይሆን ለሌላ ቢቀጥረው ዋጋው ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ይጻፍ፤ በዚህ ላይ ዝም ያለ ውል ሁለቱን ወገኖች ለክርክር ይዳርጋል።