የሱሉልታ ድርቆሽ

እስቲ ጆሮ ስጡኝ፤ የሳር ነገር ላወጋችሁ ነው። ሳር ብላችሁ እንዳትንቁት። አዲስ አበባ ውስጥ በየጓሮው የምትታለብ ላም መኖዋ በአብዛኛው ከከተማ ውጭ በመኪና ተጭኖ የሚመጣ ነው። ድርቆሽ ሲወደድ ውሎ ሳያድር ወተቱም ይወደዳል።

ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ወረድ ስትሉ የሱሉልታ ሜዳ ይዘረጋል። አፈሩ ዋልካ ነው። ክረምት ሲገባ ውኃ ይተኛበታል፤ ብዙ እህል አይችለውም፣ ሳር ግን ይወደዋል። ገበሬው ሰኔ ላይ ከብቱን አውጥቶ ሜዳውን ይከልላል። ክረምቱን ሙሉ አንድ ጥጃ እንኳ አይረግጠውም። መስከረም ሲጠባ ሳሩ ከጉልበት በላይ ሆኖ በነፋስ ይዘናፈላል።

እንግዲህ ጭንቁ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሳር መታጨድ ያለበት ማበብ ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ ቅጠሉ ለምለም፣ አገዳው ለስላሳ ነው። ዘር ከያዘ በኋላ ግን አገዳው ይጠነክራል፣ ምግቡም ይሳሳል። በድርቆሹ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከመቶ 7 እጅ በታች ከወረደ፣ በላሟ ሆድ ውስጥ መኖውን የሚያብላሉት ረቂቅ ነፍሳት ራሳቸው ይራባሉ። ላሟ ሆዷ ሞልቶ ትከሳለች፣ ወተቷም ይቀንሳል።

ገበሬው ይህን አያውቅም እንዳትሉ፤ ከማንም በላይ ያውቃል። ግን መስከረም ላይ ዝናቡ ገና አልወጣም፤ የታጨደ ሳር ዝናብ ካገኘው ይሻግታል። ደግሞም ድርቆሽ የሚሸጠው ታስሮ ነው፤ ገበያው የሚከፍለው በእስሩ ቁጥር ነው፤ ሳሩ በቆየ ቁጥር እስሩ ይበዛል። ታዲያ ምን ቆርጦት በአበባው ያጭዳል? ጥቅምት ያልፋል፣ ኅዳር ይገባል፣ ሳሩም ማጭድ ሳያገኘው ይገረጣል። እስከዚያም መታገሥ የማይችል አለ። የልጅ ትምህርት ወጪ ወይም የማዳበሪያ ዕዳ ሲያስጨንቀው ሳሩን በቁሙ ለነጋዴ ይሸጣል። ከዚያ ወዲያ ዋጋው ሰማይ ቢነካ ለእርሱ የሚደርሰው የለም።

አሁን ወደ ድርቆሹ ክምር ልውሰዳችሁ። ከከተማ የመጡ አንዲት እናት ናቸው፤ ጓሯቸው ውስጥ ላሞች አሏቸው፣ የሚኖሩትም በወተት ነው። ገና ዋጋ ሳይጠይቁ የአንዱን እስር ሲባጎ በጣታቸው ሳብ አደረጉ፤ ላላ ያለ ነው። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ወደ መሀሉ ሰደዱ። አንድ ጭብጥ መዘው አሸተቱት። ላዩ ቢጫ ነው፤ ከመሀል የወጣው ግን ጠቆር ብሎ እርጥበት እርጥበት ይሸታል።

«ልጄ፣ ይኼ እኮ ሳይደርቅ ነው የታሰረው» አሉት ሻጩን።

«አዴ፣ ላዩን እዩት እንጂ! ምን እንከን ይወጣለታል?»

«ላሜ ላዩን ብቻ አትበላም። ሻጋታ በልታ ብትታመምብኝ ማን ይደርስልኛል? ከዚያኛው ክምር አውጣልኝ።»

ከዚያኛው ክምር የወጣው ደረቅ ነው፤ አረንጓዴነቱም ገና አልለቀቀውም። በማሽን ጥብቅ ተደርጎ ስለታሰረም ሲያነሱት ይከብዳል። የመጀመሪያው በእንጨት ሳጥን ውስጥ በእግር ተረግጦ የታሰረ ነበር። ዋጋቸው ግን እኩል ነው! ይህ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ። ሽንኩርት በኪሎ በሚሸጥበት አገር፣ የቤተሰብ እንጀራ የተንጠለጠለበት መኖ በግምት ይሸጣል። 400 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን 10 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። እስሩ ስንት ኪሎ እንደሆነ ያላወቀ ሰው፣ የገዛው ለስንት ቀን እንደሚበቃው በምን ያውቃል?

የዋጋውን አካሄድ ስሙ። አጨዳው በሚደርስበት በጥቅምትና በኅዳር ይረክሳል፤ ከጥር ወዲያ መውጣት ይጀምራል፤ ክረምት ሲገባ አይቀመስም። በጥቅምት ገንዘብም መጋዘንም ያለው ነጋዴ ገዝቶ ይከምራል። ወተት ሻጯ ግን ገንዘቧ የሚመጣው በየቀኑ በሊትር ነው፤ የምትገዛውም እንደዚያው፣ አምስት አስር እስር እያለች ነው። በመሀል ዐቢይ ጾም ይመጣል። 55 ቀን ሙሉ የጾመኛው ቤት ወተት አይገባም። ላሟ ግን እንደ ወትሮዋ ትበላለች፣ እንደ ወትሮዋ ትታለባለች። ወተቱ እየተናጠ ቅቤ ይሆንና ፋሲካን ይጠብቃል። ድርቆሹ ደግሞ ያን ጊዜ ነው ሽቅብ የሚወጣው። ገቢ የሚወርድበትና ወጪ የሚወጣበት ወር አንድ ላይ ሲገጥም ስንቷ ጥገት ለሥጋ ተሸጣለች!

ወደ ጭድ እንሽሽ ቢባል፣ ጭዱን ጭቃ ቤት የሚመርገውም ይሻማበታል። ሳሩን ያበቀለው የራሳችን ዝናብ ቢሆንም ድርቆሹን የሚጭነው አይሱዙ መኪና ያለ ናፍጣ አይነሣም፤ የነዳጅ ድጎማ ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መነሣት ሲጀምር ጭማሪው ከጭነቱ ጋር አብሮ ተጭኗል። ሜዳው ራሱም በፋብሪካ፣ በአበባ እርሻና በመኖሪያ ቤት እየተሸረፈ ነው።

ጭነት ካነሣሁ ቦረናን ዘልዬ አላልፍም። ከ2013 እስከ 2015 አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈ። ከመሀል አገር ድርቆሽ በመኪና ተጭኖ ወረደ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ቦረናዋ ከተማ ያቤሎ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ድርቆሽ ደግሞ ሳይከብድ ቦታ ይሞላል፤ መኪናው አፉ ድረስ ሞልቶ የያዘው መኖ ግን ጥቂት ነው። ድርቁ ከገባ በኋላ የሚጫን ድርቆሽ ውድም ነው፣ ዘግይቶም ይደርሳል። በጥቅምት፣ ዋጋው ሳይነሣ፣ ተገዝቶ እዚያው አቅራቢያ ቢከመር ኖሮ ስንት ላም ይተርፍ ነበር እላለሁ።

እኚያ እናት ከጎረቤቶቻቸው ጋር መክረው ነበር የመጡት። ዓመቱን ሙሉ ከወተት ሂሳብ ላይ እየቀነሱ ባጠራቀሙት ገንዘብ አንድ ሙሉ መኪና በጋራ ሊገዙ ነው። አንዱን እስር በያዙት የእጅ ሚዛን አንጠለጠሉትና ኪሎውን ለሻጩ አሳዩት።

«ለከርሞ በአበባው አጭደህ ብትቆየኝስ?» አሉት።

ሻጩ ሚዛኑን አየ፤ ሜዳውንም አየ። «እስሩ ያንስብኛል፣ አዴ። የጎደለውን በዋጋው ላይ ከጨመራችሁልኝና ከፊሉን አሁን ከሰጣችሁኝ አጭዳለሁ።»

በኪሎ ተከራከሩ፤ ተስማሙም። ቀብዱን እዚያው ቆጥረው ሰጡት።